ማባረር ወይስ ማስከፈል? ያልሞላ እጅ በያዘ ባላጋራ ላይ ስለሚደረግ የፖከር ውርርድ

የፖከርን ጨዋታ ለጀማሪዎች የሚያስተምሩ ጽሑፎች በብዛት የሚስማሙበት አንድ ምክር አለ፤ ይኸውም ባላጋራው እጁ ገና ያልሞላ፣ የሚቀጥለውን ካርታ በተስፋ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ካርታውን ጥሎ እንዲወጣ የሚያስገድድ ትልቅ ውርርድ ማቅረብ ይገባል የሚለው ነው። ምክሩ ቀላል ነው፤ ለማስታወስም ይመቻል። ከፊሉ እውነት መሆኑም አይካድም። ነገር ግን ይኸው ከፊል እውነትነቱ ይበልጥ አሳሳች አድርጎታል፤ የውርርዱን ዓላማ የሚገልጸው በተሳሳተ ግሥ ነውና። የሞላ እጅ የያዘ ተጫዋች ሥራው ባላጋራውን ማስከፈል እንጂ ማባረር አይደለም። በሁለቱ ግሦች መካከል ያለው ልዩነት የአነጋገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐተታ ባላስፈለገው ነበር። ሆኖም ልዩነቱ የውርርዱን መጠን ይለውጣል፤ ‹ስሕተት› የሚለውን ቃል ትርጉምም ይለውጣል። ፖከርን የይሆናልነት ትምህርት መለማመጃ አድርገው ለሚጠቀሙ መምህራንና ተመራማሪዎች ደግሞ ተማሪው ውሳኔን በምን እንደሚመዝን የሚወስነው ይኸው ልዩነት ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ‹ቁማር› የሚለው የአማርኛ ቃል ውጤቱ በዕድል ብቻ የሚወሰነውንም ጨዋታ፣ በየደረጃው ውሳኔ የሚጠይቀውንም ጨዋታ ባንድ ስም ይጠራል። ቃሉ የተሸከመው ነቀፌታም ያለምክንያት የመጣ አይደለም፤ ብዙ ቤት ፈርሶበታል። እዚህ የሚቀርበው ሐሳብ ማንንም ወደ ጠረጴዛው አይጋብዝም። የሚመለከተው ፖከርን እንደ ምሁራዊ ችግር ነው፤ በዚህ ረገድ ደግሞ ጨዋታው የከበረ ታሪክ አለው። ጆን ቮን ኖይማን ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ውስጥ ለፖከር ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል። ሃሮልድ ኩን እ.ኤ.አ. በ1950 በሦስት ካርታዎች ብቻ የሚካሄድ ንዑስ ፖከር ቀርጾ መፍትሔውን አሳየ። ጆን ናሽም በዚያው ዓመት በቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ የሦስት ሰዎችን ቀለል ያለ ፖከር እንደ ምሳሌ ተጠቅሞበታል።

እነዚህን ጥንታዊ ሞዴሎች አስተውሎ የሚመለከት ሰው አንድ የጎደለ ነገር ያገኛል። በቮን ኖይማን ሞዴል እያንዳንዱ ተጫዋች በ0 እና በ1 መካከል ያለ አንድ ቁጥር ይደርሰዋል፤ ቁጥሩ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ አይለወጥም። በኩን ሞዴልም ከታደሉት ካርታዎች ሌላ የሚመጣ ካርታ የለም። እንግዲህ ዛሬ ደካማ የሆነው እጅ ነገ ብርቱ ሊሆን የሚችልበት ሁኔታ፣ ማለትም ያልሞላው እጅ፣ ከመጀመሪያዎቹ የንድፈ ሐሳቡ ሞዴሎች ውጭ ቀርቷል። ሞዴሎቹ ማስመሰልን በሚገባ አብራሩ፤ ተስፋን ግን አላካተቱም። ክፍተቱን የሞሉት የጠረጴዛ ልምድ ያላቸው ጸሐፍት ሲሆኑ፣ የሞሉትም አብዛኛውን ጊዜ በምክርና በምሳሌ ነው። ‹አባርረው› የሚለው ትምህርት የተወለደው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጨዋታውን ሥርዓት ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ይበቃል። በስፋት በሚታወቀው የቴክሳስ ሆልደም ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት የግል ካርታ ይታደለዋል። ከዚያም አምስት የጋራ ካርታዎች በጠረጴዛው ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስቱ ባንድነት፣ ቀጥሎ አራተኛው፣ በመጨረሻም አምስተኛው። ተጫዋቾች እነዚህን ደረጃዎች ፍሎፕ፣ ተርንና ሪቨር ይሏቸዋል። በየደረጃው የውርርድ ዙር አለ። አንዱ ገንዘብ ሲያቀርብ ሌላው እኩል ከፍሎ ይቆያል፣ ወይም ጨምሮ ይወራረዳል፣ ወይም ካርታውን ጥሎ በመሃል የተከማቸውን ገንዘብ ይለቃል። ከሰባቱ ካርታዎች የተሻሉትን አምስት ያቀናበረ ያሸንፋል። ከዚህ በታች ‹የሞላ እጅ› የሚባለው አሁኑኑ ዋጋ ያለው እጅ ነው፤ ‹ያልሞላ እጅ› ደግሞ ለምሳሌ አራት ካርታ ባንድ ዓይነት ምልክት ይዞ አምስተኛውን የሚጠብቅ ነው። እጁን የሚሞሉለት ካርታዎች ‹አዳኝ ካርታዎች› ይባሉ።

አሁን አንድ ጥርት ያለ ሁኔታ ይታሰብ። አራቱ የጋራ ካርታዎች ተገልጠዋል፤ ከእነርሱ ሁለቱ የልብ ምልክት ያላቸው ናቸው። አንደኛው ተጫዋች የአስ ጥንድ ይዟል፤ ‹ባለጥንዱ› ይባል። በእጁ የልብ ካርታ የለም። ሁለተኛው ሁለት የልብ ካርታ ይዞ አምስተኛውን ይጠብቃል፤ ‹ጠባቂው› ይባል። ከ52ቱ ካርታዎች 8ቱ ስለታወቁ የቀሩት 44 ናቸው፤ ከእነዚህም 9ኙ ልብ ናቸው። ሌላ አዳኝ ካርታ የለም ቢባል፣ ጠባቂው የማሸነፍ ዕድሉ 9 ከ44፣ ማለትም 20.5 በመቶ ገደማ ነው። በመሃል 100 ብር አለ። በመጨረሻው ዙር ምንም ውርርድ እንደማይደረግ ለጊዜው ይታሰብ፤ ይህ ግምት ወደ ኋላ ላይ ይነሣል።

ባለጥንዱ ሳይወራረድ ቢያልፍ ከመሃሉ ገንዘብ የሚደርሰው አማካይ ድርሻ 79.5 ብር ነው። 20 ብር ቢወራረድና ጠባቂው እኩል ከፍሎ ቢቆይ፣ የባለጥንዱ አማካይ ውጤት ወደ 91.4 ብር ያድጋል። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው፣ ጠባቂው በ20 ብር መቆየቱ ፍጹም ትክክል መሆኑ ነው፤ 20 ብር ከፍሎ 140 ብር ከሚሆነው የመሃል ገንዘብ አምስተኛውን ያህል ይጠብቃልና፣ ካርታውን ቢጥል ይጎዳል። እንዲህም ሆኖ ባለጥንዱ ባለመወራረድ ከሚያገኘው 12 ብር ያህል የበለጠ አግኝቷል። ባላጋራው ያለ ስሕተት እየተጫወተ፣ ተወራራጁም በውርርዱ ይጠቀማል። ‹ማባረር ካልቻልክ አትወራረድ› የሚለው አባባል፣ በተለይም የውርርዱ መጠን በሕግ በተገደበባቸው ጨዋታዎች ዘወትር የሚሰማው፣ በዚህ ቀላል ሒሳብ ብቻ ይፈርሳል።

ውርርዱ ከፍ እያለ ሲሄድ ጠባቂው መቆየትና መጣል እኩል የሚሆኑበት ነጥብ ላይ ይደርሳል። ሒሳቡ ሲሠራ ነጥቡ የመሃሉ ገንዘብ 9/26 ነው፤ በ100 ብር ላይ 34.6 ብር መሆኑ ነው። በዚህ ነጥብ ጠባቂው ቢቆይም ቢጥልም የባለጥንዱ አማካይ ውጤት ያው 100 ብር ነው። ከነጥቡ በላይ ጠባቂው በትክክል ከተጫወተ ይጥላል፤ ባለጥንዱም 100 ብር ያገኛል፤ ውርርዱ 40 ሆነ 400 ለውጥ የለውም። ጠባቂው ተሳስቶ ከቆየ ግን ትርፉ ያድጋል፤ በ40 ብር ውርርድ 103.2፣ በ100 ብር ውርርድ 138.6 ብር ይሆናል። ዴቪድ ስክላንስኪ ‹የፖከር ንድፈ ሐሳብ› በተባለው መጽሐፉ የጨዋታው መሠረታዊ ድንጋጌ ብሎ ያስቀመጠው ሐሳብም በመሠረቱ ይኸው ነው፦ ባላጋራ የተጫዋቹን ካርታ ቢያይ ኖሮ ከሚያደርገው የተለየ ነገር ባደረገ ቁጥር ተጫዋቹ ያተርፋል። ጠባቂው 100 ብር ከፍሎ ሲቆይ ባለጥንዱ ሊደሰት ይገባል እንጂ ‹አልሸሽ አለኝ› ብሎ ሊያዝን አይገባም። ከአምስት ጊዜ አንዱን ያህል ልብ መጥቶ ይሸነፋል፤ ያ ሽንፈት የትርፉ ዋጋ አካል ነው።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ለትልቅ ውርርድ የሚመሰክር ሊመስል ይችላል። በእርግጥም ባለጥንዱ የባላጋራውን ካርታ ቢያይ ኖሮ ከ34.6 ብር በላይ የሆነ ማንኛውም ውርርድ አይጎዳውም ነበር። ችግሩ ካርታው የማይታይ መሆኑ ነው። የ‹አባርረው› ትምህርት ትልቁ ስሕተትም በዚህ ላይ ያርፋል፤ ባላጋራውን ሁልጊዜ ጠባቂ አድርጎ ያስበዋል። ሁለት የልብ ካርታዎች በጠረጴዛው ላይ መታየታቸው ብቻውን ባላጋራው ልብ ይዟል ማለት አይደለም። አነስተኛ ጥንድ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ተመሳሳይ ይዞም ሊሆን ይችላል። ባላጋራው አነስተኛ ጥንድ ይዞ 5 አዳኝ ካርታ ብቻ ቢኖረው፣ በ40 ብር ውርርድ የሚቆይ፣ በ100 ብር ግን የሚጥል ይሆናል እንበል። ሲቆይ የባለጥንዱ አማካይ ውጤት 119.5 ብር ነው፤ ሲጥል 100 ብር ብቻ። ጠባቂውን ለማባረር የቀረበው ትልቅ ውርርድ እንዲቆይ የሚፈለገውን ደካማ እጅ አብሮ አባረረ ማለት ነው። ሦስት ተመሳሳይ የያዘው ባላጋራ ደግሞ አይባረርም፤ በ40 ፋንታ 100 ብር ይቀበላል። እንዲህ ያለው ውርርድ የተሸነፈውን ሸኝቶ አሸናፊውን የሚያስተናግድ ወንፊት ነው።

ትክክለኛው መጠን የሚመረጠው እንግዲህ በባላጋራው ሊያዙ በሚችሉት እጆች ስብስብ ላይ ነው እንጂ ተጫዋቹ በጣም በሚፈራው አንድ እጅ ላይ አይደለም። ፍርሃት ደግሞ በዚህ ጨዋታ ጥሩ መካሪ አይደለም። በመጨረሻው ካርታ ተሸንፎ ብዙ ገንዘብ ያጣ ተጫዋች የሚያስታውሰው ያንን አንድ እጅ ነው፤ በዝምታ የከፈሉትን፣ ያልተሳካላቸውን ጠባቂዎች አያስታውስም።

ከላይ ለጊዜው የተተወው ግምት አሁን ይነሣ፤ ነገሩ እውነተኛ ክብደቱን የሚያገኘው እዚህ ነው። በእውነተኛው ጨዋታ ከሪቨር በኋላ የውርርድ ዙር አለ። ልብ መጥቶለት እጁ የሞላ ጠባቂ በዚያ ዙር ተጨማሪ ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህ የወደፊት ክፍያ ደግሞ ዛሬ የሚጠየቀውን ዋጋ ያረክስለታል። በተያዘው ምሳሌ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ጠባቂው እጁ በሞላ ጊዜ ባለጥንዱ በአማካይ የሚከፍለው እያንዳንዱ 1 ብር፣ መቆየትን ትክክል የሚያደርገውን የተርን ዋጋ በ35 ሳንቲም ያህል ከፍ ያደርገዋል። ባለጥንዱ በመጨረሻው ዙር በአማካይ 50 ብር የሚከፍል ከሆነ፣ ጠባቂው በተርን ላይ እስከ 51.9 ብር ከፍሎ መቆየት ያዋጣዋል። በሌላ አነጋገር፣ 40 ብር ተወራርዶ ‹ዋጋውን አስከፈልኩ› ያለ ተጫዋች፣ ልብ ከመጣ በኋላ በአማካይ ከ15.6 ብር በላይ ከከፈለ ያስከፈለውን ሁሉ መልሷል። በተርን ላይ ጎበዝ፣ በሪቨር ላይ ግን ካርታውን መጣል የማይችል ተጫዋች ባላጋራውን በአንድ እጁ እያስከፈለ በሌላው ይመልስለታል። የመማሪያ ጽሑፎቹ ስለ መጀመሪያው እጅ ብዙ ይላሉ፤ ስለ ሁለተኛው እምብዛም አይናገሩም።

‹እንግዲያውስ ልብ በመጣ ቁጥር መጣል ነው› የሚል መልስ ሊቀርብ ይችላል። ይህም አይሆንም። ባለጥንዱ ባላጋራው ካርታ እየጠበቀ መሆኑን እንጂ የትኛውን ካርታ እንደሚጠብቅ የማያውቅ ከሆነ፣ የሚያስፈራ ካርታ ሁሉ ለባላጋራው የማስመሰያ ዕድል ይሆናል። በሚዛናዊ ጨዋታ በመጨረሻው ዙር የመሃሉን ገንዘብ ያህል የሚወራረድ ተጫዋች ከውርርዶቹ ሲሶውን በማስመሰል ሊያደርገው ይችላል። ለእያንዳንዱ ሁለት እውነተኛ ውርርድ አንድ ሐሰተኛ ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ 9 አዳኝ ካርታ ያለው ጠባቂ 13.5 ያለው ያህል ይሆናል፤ ሐሰተኛዎቹ 4.5 ካርታዎች እጁን ባይሞሉለትም የመሃሉን ገንዘብ ከባለጥንዱ ድርሻ ላይ ይቀንሳሉና። መቆየትና መጣል እኩል የሚሆኑበት የተርን ዋጋም ከ34.6 ብር ወደ 79.4 ብር ይዘላል። በካርታው ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፤ አንድ የውርርድ ዙር ብቻ ተጨመረ፤ የጥያቄው መልስ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ።

የዚህ ቁጥር ትርጉም ቀላል አይደለም። በሁለቱ ተጫዋቾች ፊት የቀረው ገንዘብ ጥቂት ከሆነ፣ ለወደፊት የሚከፈል ነገር ስለሌለ መጠነኛ ውርርድ ይበቃል። ገንዘቡ ብዙ ከሆነ ግን ያው እጅ፣ በያው ጠረጴዛ፣ በያው ካርታ ፊት ትልቅ ውርርድ ይጠይቃል። ‹ሁልጊዜ ትልቅ› የሚለው ትምህርት በሁለተኛው ሁኔታ ትክክል የሚሆነው በአጋጣሚ ነው፤ ምክንያቱን አያውቀውምና። ምክንያቱን የማያውቅ ሕግ ደግሞ ሁኔታው ሲለወጥ መቼ መተው እንዳለበት አያውቅም።

የ‹ማባረር› ትምህርት ይበልጥ የሚሰናከልበት ሌላ ሁኔታም አለ። ፍሎፕ ላይ ሳለ 15 አዳኝ ካርታ ያለው ጠባቂ፣ ማለትም ፍላሹንም ቀጥታውንም ተከታታይ ባንድነት የሚጠብቅ፣ በቀሩት ሁለት ካርታዎች እጁን የመሙላት ዕድሉ 54 በመቶ ገደማ ነው። እጁ ‹ያልሞላ› ቢባልም ከአንድ ጥንድ ይልቅ የሚያሸንፈው እርሱ ነው። ባለጥንዱ በእንዲህ ያለ ባላጋራ ላይ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ቢያስገባ ያስከፈለ ይመስለዋል እንጂ ከፋዩ ራሱ ነው። በተቃራኒው፣ 9 አዳኝ ካርታ ያለው ጠባቂ ከፍሎፕ እስከ ሪቨር ያለው ዕድል 35 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ቁጥር የፍሎፕን ዋጋ ብቻ እያነጻጸሩ የሚቆዩ ብዙዎች ናቸው። በተርን ላይ ሌላ ውርርድ እንደሚጠብቃቸው ይዘነጋሉ፤ ለአንድ ካርታ ብቻ ዕድላቸው 19 በመቶ ነው። ሁለቱም ስሕተቶች ካንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ አንድን ቁጥር ከተገቢው ዙር ነጥሎ መያዝ ነው።

ከሁለት ሰው በላይ በሚጫወቱበት ጠረጴዛ ላይ ነገሩ ይበልጥ እንግዳ ይሆናል፤ ስለዚህም ‹ማስከፈል› የሚለው ግሥ ራሱ ገደብ እንዳለው መግለጽ ፍትሐዊ ነው። ሁለት ጠባቂዎች ይኑሩ፤ አንዱ 9፣ ሌላው 4 አዳኝ ካርታ ይኑረው፤ ካርታዎቻቸውም አይደራረቡ። ያልታወቁት ካርታዎች 42 ናቸው። በመሃል የውርርዱ 6 እጥፍ ገንዘብ አለ፤ ባለጥንዱ አንድ ውርርድ አቀረበ፤ የመጀመሪያው ጠባቂ ከፈለ። ሁለተኛው ጠባቂ ከፍሎ ቢቆይ ይሳሳታል፤ በአማካይ የውርርዱን 0.14 ያህል ያጣል። ይህ ስሕተት ግን ባለጥንዱን አይጠቅመውም። እንዲያውም እርሱም 0.07 ያህል ያጣል። ትርፉን ሁሉ፣ 0.21 የሚሆነውን፣ የሚወስደው የመጀመሪያው ጠባቂ ነው። በአንዲ ሞርተን ስም የሚጠራው ንድፈ ሐሳብ የሚያብራራው ይህንኑ ነው፦ የመሃሉ ገንዘብ በተወሰነ ወሰን ውስጥ ሲሆን የባላጋራ ስሕተት ለሌላ ባላጋራ ሲሳይ ይሆናል። በምሳሌው ወሰኑ ከውርርዱ 5.25 እስከ 7.5 እጥፍ ነው። በዚህ ወሰን ውስጥ ብቻ፣ የሚሳሳተውን ሰው እንኳ ማባረር እውነተኛ ዓላማ ይሆናል። የስክላንስኪ ድንጋጌም ከሁለት ሰው በላይ ባለበት ጠረጴዛ ሁልጊዜ እንደማይሠራ የሚያሳይ ነው።

ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች በዚህ ሁሉ ላይ የሚያነሡት ተቃውሞ ሊናቅ አይገባም። ‹ሰዎች በተግባር በሒሳቡ አይጫወቱም፤ ያልሞላ እጅ የያዘ ሰው ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን ይከፍላል፤ ስለዚህ ትልቁን ጠይቅ› ይላሉ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከላይ የቀረበው ሒሳብም ይህን ይደግፋል፤ ጠባቂው ከልክ በላይ ከከፈለ ትልቅ ውርርድ ከትንሹ ይበልጣል። ነገር ግን ይህ አስተያየት ስለ ካርታ ሳይሆን ስለ ሰው ባሕርይ የሚነገር ነው። ማስረጃ የሚያስፈልገውም በዚያው መስክ ነው። በአንድ ጠረጴዛ የታየ ልማድ ለሌላው ጠረጴዛ ሕግ አይሆንም፤ ደግሞም ‹ይከፍላል› ብሎ የሚነሣ ሰው ‹አባርራለሁ› ብሎ መደምደም አይችልም። ሁለቱ ቃላት በአንድ ምክር ውስጥ አብረው ሲገኙ መካሪው የሚፈልገውን እንዳልለየ ያስታውቃል።

የኮምፒዩተር ጥናቶች ያመጡት ለውጥም በዚህ ረገድ ሊታይ ይገባል። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ውርርዱ የተገደበው የሁለት ሰዎች ሆልደም በተግባር እንደተፈታ ሴፊየስ በተባለ ፕሮግራማቸው አሳዩ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በቱኦማስ ሳንድሆልምና በኖአም ብራውን የተሠራው ሊብራተስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በፒትስበርግ ከተማ አራት ብርቱ ባለሙያዎችን በ120,000 እጆች ባልተገደበ ውርርድ ረትቷል። የሊብራተስ ውርርዶች ባለሙያዎቹን ካስገረሙባቸው ነገሮች አንዱ መጠናቸው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ የመሃሉን ገንዘብ ብዙ እጥፍ የሚሆን ውርርድ ያቀርብ ነበር። ይህ ‹ሁልጊዜ ትልቅ› ለሚሉት ድጋፍ አይሆንም፤ ፕሮግራሙ ያንኑ መጠን የሚጠቀመው በብርቱ እጆቹም በማስመሰያ እጆቹም ነው። ሴፊየስም ሊብራተስም ‹ጠባቂውን እንዴት ላባርር› የሚል ጥያቄ የላቸውም፤ በእያንዳንዱ ደረጃ ሊያዙ የሚችሉትን እጆች ሁሉ በአንድ ላይ ይመዝናሉ። በጥንታዊዎቹ ሞዴሎች የተተወው ተስፋ ወደ ንድፈ ሐሳቡ የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው፤ የሚያሳዝነው ግን ከማሽኑ የተገኘው ዕውቀት በመማሪያ ጽሑፎች ላይ ያለውን ግሥ እስካሁን አለመለወጡ ነው።

ይህ ለመምህራን ምን ማለት ነው? ፖከር በይሆናልነትና በውሳኔ ትምህርት ውስጥ ሲገባ በብዛት የሚቀርበው ከከፋዩ ወገን ነው፤ ተማሪው አዳኝ ካርታዎችን ይቆጥራል፣ ከዋጋው ጋር ያነጻጽራል፣ ‹ይቆይ› ወይም ‹ይጣል› ብሎ ይመልሳል። መልሱ አንድ ነው፤ ለማረምም ይቀላል። ዋጋውን የሚያወጣው ሰው ጥያቄ ግን አይነሣም። እርሱ የሚመልሰው የባላጋራው ምላሽ በዋጋው መጠን እንዴት እንደሚለወጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ለኢኮኖሚክስም፣ ለኢንሹራንስም፣ ለጨረታም የቀረበው ጥያቄ ነው። ከፋዩን ብቻ የተማረ ተማሪ ይሆናልነትን ያውቃል፤ ባላጋራ ያለበትን ውሳኔ ግን ገና አልተማረም። ከዚህ የከፋው ደግሞ በተለምዶ ምሳሌው ሪቨሩን ገልጦ መጠናቀቁ ነው፤ ልብ ከመጣ ባለጥንዱ ‹ትንሽ ስለተወራረደ ተሸነፈ›፣ ካልመጣ ‹ጥሩ ተጫወተ› ይባላል። 40 ብር ግን ትክክል ከነበረ ልብ ቢመጣም ትክክል ነው፤ ስሕተት ከነበረም ልብ ባለመምጣቱ አይታረምም።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከላይ የቀረበውን የአስ ጥንድ ለተማሪዎች መስጠት ይቻላል፤ በመሃል 100 ብር፣ በሁለቱ ፊት የቀረው ገንዘብ ለከፊሎቹ 60፣ ለከፊሎቹ 600 ብር ይሁን። ባላጋራው ሊይዝ የሚችላቸው አራት ወይም አምስት እጆች ይዘርዘሩ። ተማሪው የሚወራረደውን መጠን፣ በየእጁ የሚጠብቀውን ምላሽ፣ ልብ ቢመጣ እስከ ስንት ብር እንደሚከፍል በቁጥር ጽፎ ያቅርብ። 60 ብር የተሰጣቸውና 600 ብር የተሰጣቸው ተማሪዎች አንድ ዓይነት መጠን ከጻፉ መምህሩ የት መጀመር እንዳለበት ያውቃል። ወረቀቱም አምስተኛው ካርታ ሳይገለጥ ይሰብሰብ።